ደጋ የወጣችው ጄት ስኪ

አሰላ ባሕር የላትም። ሐይቅም የላትም። ያላት ዝናብ ነው፤ እሱም መጥቶ ይሄዳል እንጂ ተኝቶ ሰው አያንሳፍፍም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በዚች ከተማ ጄት ስኪ ለመጠገን ተስማማሁ ስላችሁ ጤንነቴን ከመጠራጠራችሁ በፊት እኔ ራሴ ቀድሜ እንደተጠራጠርኩት እንድታውቁልኝ ነው።

ሙያዬ ሞተር ሳይክልና የመስኖ ፓምፕ መጠገን ነው። ጋራዤ እዚያው ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ማንኛውም ሞተር ይጠገናል» ይላል። «ማንኛውም» የምትለዋን ቃል ያስጻፍኳት ቆርቆሮው ሰፊ ስለነበረ ነው። ጸሐፊው «ቦታ ተርፏል፣ ምን ልጨምርበት?» ሲለኝ ያኔውኑ ያፈለቅኳት ናት። ሰው ቦታ ስለተረፈው ብቻ የተናገረው ነገር አንድ ቀን መጥቶ በሩን ያንኳኳል። የኔን በር ያንኳኳው ሰኞ ጠዋት፣ በአይሱዙ ተጭኖ ነው።

ከአይሱዙው የወረደው የባለቤቴ የአስቴር ታናሽ ወንድም ግርማ ነበር። ግርማ ታች ዝዋይ ሐይቅ ዳር ባለ አንድ መዝናኛ ውስጥ ጄት ስኪ ይነዳል፤ እንግዳ ከኋላው አስቀምጦ ውሃው ላይ ያዞርና ይመልሳል። ዝምተኛ ልጅ ነው። የሚናገረው ሲቸገር ብቻ ስለሆነ አፉን በከፈተ ቁጥር ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል።

«ጋሼ» አለኝ። ደነገጥኩ።

«ምን ሆንክ?»

«ውሃ ጠጣች።»

«ማን?»

በሽንኩርት ጆንያዎች መካከል አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ የተኛችውን ቢጫ ጄት ስኪ አሳየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ እንግዳ «እስቲ እኔ ልንዳት» ብሎ ተቀብሎ፣ ሐይቁ መሃል ላይ ገለበጣት። ሆዷ ውሃ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አልነሣ አለች። የመዝናኛው ባለቤት ለግርማ የተናገረው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቅዳሜ ሙሽሮች ይመጣሉ። እስከ ቅዳሜ ካልተነሣች ጓዝህን ጠቅልል።

«ይኼ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም» አለ ግርማ። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው ስለማላውቅ ቁጭ አልኩ። «ሽማግሌ ልኬያለሁ።»

«ለማን?»

«ለሲፈን ቤተሰብ። አባቷ ‹ሥራው ምንድን ነው?› ብለው ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ ‹ማሽን ኦፕሬተር ነው› አሏቸው።»

«እውነት ነዋ።»

«ሰውየው ስንዴ ገበሬ ናቸው፣ ጋሼ። ኮምባይነር መስሏቸው ደስ ብሏቸዋል።»

አስቴር ከቤት ወጥታ ጄት ስኪዋን አየች፤ ወንድሟን አየች፤ በመጨረሻም እኔን አየች። የትዳር አጋር ሦስተኛ ላይ ሲታይ የሚጠበቅበት መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ሞተር ሞተር ነው» አልኩ።

የሲፈን አባት ማን እንደሆኑ አለመጠየቄን እዚህ ላይ አስመዘግባለሁ። ጆሮዬ ኮምባይነሩ ላይ ቀርቶ ነበር።

ማክሰኞ ከፈትኳት። ካንዴላዎቹን ስነቅል የሐይቅ ውሃ ዘይት ተቀላቅሎበት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። እስከዚህ ድረስ መካኒክ ነበርኩ። ከዚያ በሞተሩ ጎን ያለውን ክዳን ልፈትሽ ብዬ ብሎኖቹን ፈታሁ።

የጄት ስኪዋ ሞተር እንደ መኪና ሞተር ብቅ ጥልቅ የሚል ቫልቭ የለውም። በሱ ፈንታ ከዚያ ክዳን ሥር የስኒ ማቅረቢያ ሰሃን የሚያህል ክብ ስስ ብረት ይዞራል። ከጫፉ ላይ አንድ ሰው ገምጦለት የሄደ የሚመስል ጉድለት አለው። ጉድለቱ በቀዳዳው ፊት ሲያልፍ ነዳጅና አየር ይገባል፤ ሙሉው ጎኑ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። በአጭሩ ዘበኛ ነው። ዘበኛው በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ከፒስተኑ ጋር ተቀጣጥሮ ነው። ቀጠሮው ከተዛባ ሞተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ ተነሥቶ ያሳብዳል።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ማክሰኞ ዕለት ያወቅኩት፣ ክዳኑን ስስበው ብረቱ በዘይት ተጣብቆ አብሮ እንደመጣ፣ መሬት ላይ እንደወደቀና እስከ ዶሮዎቹ ቤት ድረስ እንደተንከባለለ ብቻ ነው።

ግርማ አንስቶ አመጣልኝ። «በየት በኩል ነበር፣ ጋሼ?»

«በዚሁ በኩል» አልኩ፤ የቱ እንደሆነ ሳላሳይ።

ብረቱ መሃሉ ላይ ጥርስ አለው፤ የሚሰካበትም ዘንግ እንደዚሁ። ጥርሱ ብዙ ነው። ገጹ ደግሞ ሁለት ነው። አንድ ጥርስ ወደዚህ፣ አንድ ጥርስ ወደዚያ፣ ደግሞ ገልብጦ፣ ደግሞ እንደገና። እንዲሁ በግምት እሰካዋለሁ ብሎ የጀመረ ሰው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራ አይፈታም። መለያ መስመር ሳልጭርበት ማውጣት አልነበረብኝም። በኔ ጋራዥ ውስጥ ግን ያልነበረብኝ ነገር ከነበረብኝ ይበልጣል።

ግርማ ስልኩ ላይ ለሐይቁ ጓደኞቹ ጽፎ አንድ ገጽ ፎቶ ተላከለት። እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለት ቁጥር ግን አለው። ዘበኛው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ መቶ አርባ ሰባት ዲግሪ ቀድሞ ይክፈት፤ ጫፍ ካለፈ በኋላ ስልሳ አምስት ላይ ይዝጋ። ዲግሪ ደግሞ በመፍቻ አይለካም።

ቲቸር ጫልቱ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። ከክፍላቸው ሐኪም ወጥቷል፣ ዳኛ ወጥቷል። እኔም ወጥቻለሁ፤ በተደጋጋሚ፣ በሩ ላይ እንድቆም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ማዕዘን የሚለኩበት ትልቅ የእንጨት ፕሮትራክተር ዛሬም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ረቡዕ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራኋቸው።

«ቲቸር፣ እንደምን አደሩ? ያቺን ፕሮትራክተር ቢያውሱኝ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ? ለምንህ?»

«ጣራ ላሠራ አስቤ…»

«ጣራ» አሉ። ቃሏን አገላብጠው አጣጣሟት። «ጣራ በፕሮትራክተር ሲሠራ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ውሰድ። አርብ ትመልሳለህ።»

እውነቱን ብነግራቸው ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። አዋቂዎች «መማር ይቅደም ከመጠምጠም» የሚሉት ለኔ ዓይነቱ ነው። ግን አሥረኛ ክፍል ላይ በጣለህ ሰው ፊት፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶህ፣ «ዲግሪ አልገባኝም» ማለት እንደምታስቡት ቀላል አይደለም።

ፕሮትራክተሯ ግማሽ ክብ ናት። ጠርዟ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ተጽፏል፤ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ያድጋል፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ። ለምን ሁለት እንዳስፈለገ አልገባኝም። አንዱ ለግራኞች ይሆናል ብዬ ለቀኝ እጄ የቀረበውን ያዝኩ። በካንዴላው ቀዳዳ እስክሪብቶ ከተትኩና ፒስተኑ ገፍቶ ገፍቶ ሲያቆመው «ይኸው ጫፉ» አልኩ። ለካሁ፤ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ብረቱን ከምልክቶቹ ጋር አስማምቼ ሰካሁት። እንደ ቀለበት ገባ። እንዲህ ሳይታገል የገባ ነገር ሁሌም ያስፈራኛል፤ ያን ቀን ግን አላስፈራኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ እንዳይግል የቧንቧ ውሃ በጎማ ሰክተንላት ግርማ ቁልፉን ተጫነ። ሞተሩ አንዴ ዞረ፤ እንደ በቅሎ ወደ ኋላ ረገጠ፤ ከዚያ ተነሣ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ከሆዷ ሥር አቧራ እየቦነነ ወጥቶ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ።

«ጉልበቷን ታያለህ?» አልኩት ግርማን።

«ጋሼ፣ አየሩ ከኋላዋ ነበር የሚወጣው…»

«በሐይቅ ነዋ። እዚህ ደጋ ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ምስክር አለ።

ቅዳሜ ሐይቅ ላይ ከመውረዷ በፊት ውሃ ላይ መሞከር ነበረባት። እኔ ደግሞ ውሃ ያለው ደንበኛ አለኝ። ኦቦ ቶሎሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ፓምፓቸውን በየዓመቱ የምጠግንላቸው እኔ ነኝ። ዝናብ የሚያጠራቅሙበት ሰፊ ኩሬ አስቆፍረው ውሃው እንዳይሰርግ ጥቁር ላስቲክ አንጥፈውበታል። ስደውልላቸው «ሞተር ነው? ና» ብለው ዘጉ። ቁጥብ ሰው ናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ጄት ስኪዋን ከጎረቤት በተዋስነው የፈረስ ጋሪ ላይ ጭነን ወጣን። ግርማ ፈረሱን ይመራል፤ እኔ ከኋላ እደግፋለሁ። ያገኘን ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል። አንዲት ሴት ለሌላዋ «አምቡላንስ ናት?» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ለዓሣ?» አለቻት። ዞር ብዬ አላየሁም።

ኩሬው ጋ ስንደርስ ኦቦ ቶሎሳ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ግርማ ቀጥ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። ትከሻው ላይ የነበረውን ጋቢ እስከ ዓይኑ ድረስ ተከናንቦ ከፈረሱ ጎን ተለጠፈ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«የሲፈን አባት ናቸው።»

በሕይወቴ ያልጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ እንዲህ አንድ ላይ ተሰብስበው ይመጣሉ።

ኦቦ ቶሎሳ ጋሪውን ዞሩት። ጄት ስኪዋን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። «ምንድን ናት?»

«የውሃ ሞተር ሳይክል ናት፣ ኦቦ።»

«ምን ትሠራለች?»

«ውሃ ላይ ትሄዳለች።»

«ሄዳስ?»

«ትመለሳለች።»

ወደ ማሳቸው አዩ። «ታርሳለች?»

«አታርስም።»

«ትጭናለች?»

«አንድ ሁለት ሰው።»

«ከየት ወዴት?»

«ከዳር… ወደዚያው ዳር።»

«ዱጋ?» አሉ፤ እውነትህን ነው ሲሉኝ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በል፣ ዋቅ ይርዳህ።» ከዚያ ወደ ፈረሱ አዩ። «ያ ተከናንቦ የቆመው ማነው?»

«ጋሪ ነጂው ነው። ወባ አሞታል።»

«በዚህ ደጋ ወባ?»

«ከቆላ ይዞት የመጣ ነው።»

ግርማ ወጥቶ ሊነዳ እንደማይችል ግልጽ ነው። ስንዴ የሚያጭድ የመሰላቸው ልጅ ቢጫ ፈረስ በምትመስል ነገር ላይ ተቀምጦ ሊያዩት አይገባም። የቀረው ሰው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። እኛ ደገኞች ውሃ የምናውቀው በጀሪካን ነው። ግርማ ከጋቢው ሥር ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ገፋ አደረገልኝ። እኔ ግን ኦቦ ቶሎሳ እያዩኝ ስለነበር «የቱሪስት ነው» ብዬ ተውኩት። ፓምፓቸውን የሚጠግን ሰው ፈሪ መምሰል የለበትም።

በላስቲኩ ላይ አንሸራትተን አወረድናት። ተቀመጥኩባት። ተንሳፈፈች፤ ደስ ይላል። ቁልፉን ተጫንኩ። አንዴ ረገጠችና ተነሣች። መሪውን ወደ ኩሬው መሃል አቅንቼ ነዳጁን ሰጠኋት።

ወደ ኋላ ሄደች።

ፈጣን ነበረች ብል እዋሻለሁ፤ የአህያ እርምጃ ያህል ነው። ግን ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ወደ ሌላው ለሚሄድ ሰው ፍጥነት ማለት ሌላ ነገር ነው። መሪውን አዞርኩ፤ አልሰማችኝም። ሰው ሲደነግጥ የያዘውን ይጨብጣል። እኔ የያዝኩት ነዳጅ መስጫውን ነበር። በጨበጥኩት ቁጥር ጅራቷ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ይነሣል። እኔም ከመቀመጫው ላይ እንደ ቅቤ ቀስ ብዬ እየተንሸራተትኩ ነው። የመጨረሻው ያየሁት ነገር የኦቦ ቶሎሳ ፊት ነው። ምንም አልተለወጠም።

ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እግሬ መሬት ፈለገ፤ መሬት የለም። ዳሩ ጋ ደረስኩ፤ ግን ዳሩ ላስቲክ ነው። ስይዘው ያሙለጨልጫል፣ ስረግጠው ያንሸራትታል። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ሣር አለ፣ ሰው አለ፣ ፈረስ አለ፤ እኔ ግን ወደ ታች እየሄድኩ ነው። አስቴርን አሰብኩ። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ። ሦስተኛውን ስጠጣ አንድ እጅ አንገትጌዬን ያዘው።

ግርማ ነው። ጋቢውን ጥሎ፣ ጫማውን እንዳደረገ ዘሎ ገብቷል። አገጬን ወደ ላይ አንስቶ «አትያዘኝ ጋሼ፣ ዝም በል ብቻ» አለኝ። የታዘዝኩበት ጊዜ ቢኖር ያኔ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የፈረሱን ገመድ ወረወሩ፤ ግርማ ብብቴ ሥር አሰረው፤ ሽማግሌውና ፈረሱ አብረው ጎተቱን። ላስቲኩ ላይ በሆዴ እየተንሸራተትኩ እንደ ትልቅ ዓሣ ወጣሁ። ሴቶቹ ስለ ዓሣና አምቡላንስ ያሉት ያን ያህልም ስህተት አልነበረም።

ሳሌ ሲያቆም ቀና አልኩ። ግርማ ውሃ እያንጠባጠበ ቆሟል። ኦቦ ቶሎሳ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ወባህ ለቀቀህ?»

«አዎ ኦቦ።»

«አውቅሃለሁ። ሽማግሌ የላክኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ኮምባይነሩ የታለ?»

ግርማ ኩሬው መሃል በጎኗ የተኛችውን ቢጫ ጄት ስኪ በእጁ አሳየ። «እሷ ናት፣ ኦቦ። ሥራዬ እሷ ናት።»

ሽማግሌው እሷን ብዙ አዩዋት፤ እሱንም ብዙ አዩት። እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ለራሴ «ይኸው፣ የልጁን ሕይወት በፕሮትራክተር አፈረስኩት» እላለሁ።

«ክረምት ላይ እዚህ ጥጃ ገባብኝ» አሉ በመጨረሻ። «አምስት ጎረምሳ ዳር ላይ ቆሞ ሲጮህ ጥጃው ሞተ። አንድም የገባ የለም።» በትራቸውን ወደ ግርማ ቀሰሩ። «ስለዋሹኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር እነጋገራለሁ። አንተ አልዋሸኸኝም። ግን ሥራ ለሌለው ሰው ልጄን አልድርም። ይቺ ነገር ሥራ ናት ካልክ፣ ቅዳሜ ትነሣና ሥራ ትሁን። እሑድ ሽማግሌዎቹን ላክ። ካልተነሣች አትላክ።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ፓምፔን ከአሁን በኋላ ደረቅ ቦታ ላይ ሆነህ ሥራው።»

አርብ ጠዋት ቲቸር ጫልቱ ፕሮትራክተራቸውን ሊወስዱ መጡ። እኔ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሼ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። ግርማ ከኩሬው በገመድ ጎትተን ያወጣናትን ጄት ስኪ ሞተር ከፍቶ ውሃ እያፈሰሰ ነው። ጣራው በቦታው እንዳለ ተመለከቱ፤ ከዚያ የጠመኔ ምልክቶቼን ተመለከቱ።

«ይኼ ነው ጣራው?»

ተናዘዝኩ። ከሽንኩርቱ ጆንያ እስከ ጥጃው ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድም ጊዜ አላቋረጡኝም፤ ይህ በክፍላቸው ውስጥ መጥፎ ምልክት ነበር። ስጨርስ በርጩማዬን ተቀብለውኝ ሞተሩ ፊት ተቀመጡ።

«ከየት ጀምረህ ለካህ?»

«ከዚህ።»

«ሞተሩ ወዴት ነው የሚዞረው?»

ግርማን አየሁት። እሱም ዶሮዎቹን አየ።

«ስልኩን አምጣ» አሉት ግርማን። ገጹን አሰፉት። ከሥዕሉ ዳር አንዲት የተጠመዘዘች ቀስት ነበረች። ሳያት ጌጥ መስላኝ ነበር። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ቀስት።»

«ማል ጄቹዳ?» አሉ በኦሮምኛ። ምን ማለት ነው ማለታቸው ነው፤ ሲናደዱ ድሮም በኦሮምኛ ነበር የሚጠይቁን። «መዞሪያው እንዲህ ነው ማለት ነው! ‹ጫፍ ከመድረሱ በፊት› ማለት ቀስቷ ከምትመጣበት ወገን ነው። አንተ ቀስቷ ከምትሄድበት ወገን ለካህ። በፊት የተባለውን በኋላ፣ በኋላ የተባለውን በፊት አደረግኸው። የተሳሳተውን ረድፍ አንብበህ! ይህን የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው የሚሠሩት፤ እነሱም እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ።»

«ታዲያ እንዴት ተነሣች?» አለ ግርማ።

ይህን እኔ አውቅ ነበርና በሙያዬ የቀረችኝን ክብር ሰብስቤ መለስኩ። ይህ ዓይነቱ ሞተር በወዲህም በወዲያም መዞር ይችላል። እኔ ቀጠሮውን በግልባጭ ስላሰርኩለት፣ ማስነሻው ወዲህ ሲገፋው እሱ ወዲያ ረግጦ ተነሣ። ወደ ኋላ ለሚዞር ሞተር ቫልቩ ያለ እንከን ተስተካክሏል። አንዲት ዲግሪ እንኳ አልሳትኩም።

«አዎ» አሉ ቲቸር። «ንጹሕ ሥራ ነው። ስህተቱ ብቻ ነው ትልቅ።»

ከዚያ አስተማሩኝ። ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ እንደሚያንቀላፋና እስክሪብቶው የቆመበት ቦታ ሁሉ ጫፍ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ስለዚህ ሲወጣ አንድ ከፍታ ላይ፣ ሲወርድም እዚያው ከፍታ ላይ ምልክት እንዳደርግ አዘዙኝ፤ የሁለቱ መሃል ነው እውነተኛው ጫፍ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ስፈታ ይህን የነገረኝ የለም። ነግሮኝ ከሆነም በር ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በትክክለኛው ረድፍ፣ በትክክለኛው ወገን ለካን። ብረቱን ስሰካው ከምልክቱ ግማሽ ጥርስ ያህል ቀረው። በቀኝ ሲጠጋ በግራ ይርቃል። መዶሻ አነሣሁ።

«አስቀምጥ» አሉ። «ገልብጠው።»

ገለበጥኩት። ሁለቱም ጠርዝ ምልክቶቹ ላይ አረፈ። ጥርሱ ከጉድለቱ አንጻር መሃል ላይ ስላልተቀረጸ፣ አንዱ ገጽ የማይደርስበት ጋ ሌላኛው ይደርሳል። ቲቸር ጣታቸው ላይ የነካቸውን ዘይት በመሐረብ ጠረጉና «አሁን አስነሣት» አሉ።

ግርማ ቁልፉን ተጫነ። ሳትራገጥ ተነሣች። አየሩ በኋላዋ ወጥቶ አስቴር ሰሌን ላይ ያሰጣችውን በርበሬ እስከ አጥሩ ድረስ በተነው።

«በርበሬዬን!» አለች አስቴር ከቤት እየሮጠች።

«ከኋላ ወጣ» አሉ ቲቸር፣ እያስነጠሱ። «ልክ ነው።»

ቅዳሜ ወደ ሐይቁ ስንወርድ ቲቸር ጫልቱም አይሱዙው ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ለምን እንደሚመጡ አልተናገሩም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የእሑዱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ ሽማግሌዎቹ ሄዱ፤ ኦቦ ቶሎሳ ስለ ኮምባይነሩ ለአንድ ሰዓት ያህል ገሠጿቸው፤ ከዚያ ልጃቸውን ሰጡ። ሲፈን ከጓዳ ሆና ስትስቅ ተሰማች አሉ።

ቅዳሜ ግን ጄት ስኪዋ ውሃ ላይ ስትወርድ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። የመዝናኛው ባለቤት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሙሽሮቹና አጃቢዎቻቸው በድንኳኑ ጥላ ሥር ናቸው። ግርማ ቁልፉን ተጫነ፤ ነዳጅ ሰጠ። ወደ ፊት ሄደች። ነጭ አረፋ ከኋላዋ እየዘረጋች፣ እንደ ተወነጨፈ ድንጋይ ሄደች። ባለቤቱ ምንም ሳይል እጁን ፈታና ወደ ቢሮው ገባ። ከሱ ይህ ምስጋና ነው አለኝ ግርማ በኋላ።

የመጀመሪያው ዙር የሙሽራዋ ነበር። ተራዋን ይዛ፣ ቬሎዋን ሰብስባ፣ ፎቶ አንሺውን አስከትላ ወደ ዳር መጣች። ግርማ ግን ከሙከራው ሲመለስ ከሁሉም ቀድመው ውሃው ውስጥ የቆሙ አንዲት ሴት አገኘ። ቲቸር ጫልቱ ጫማቸውን አውልቀው ለኔ ሰጥተውኛል፤ ቦርሳቸውንም እንደዚሁ። ብርቱካንማውን የመንሳፈፊያ ጃኬት ሹራባቸው ላይ አጥልቀዋል።

«ያሰላሁትን ልየው» አሉ፤ ከግርማ ኋላም ተቀመጡ።

ሄዱ። ትንሽ ቢጫ ነጥብ ሆኑ። ጉማሬ አለበት ከሚባለው ወገን ራቅ ብለው ዞሩ፤ ደሴቶቹ ወዳሉበት አመሩ፤ እንደገና ዞሩ። ሙሽራዋ ትጠብቃለች። ሙሽራው ሰዓቱን ያያል። እኔ የሴት ጫማና ቦርሳ ይዤ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ግርማ መልሶ ዳር አስጠጋት። ሻሻቸው ወደ ኋላ ወርዶ ሽበታቸው ረጥቧል፤ መነጽራቸው በውሃ ተሸፍኗል። አልወረዱም።

«ቲቸር» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «ይውረዱ እንጂ። ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ሙሽራዋን በደንብ አዩዋት።

«ገና ልጅ ናት» አሉ። «እሷ ጊዜ አላት።»

ከዚያ የግርማን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት። «ንዳ።»